ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ

ሰኞ፣ ጁላይ 7

ውጭ ሠላሳ አምስት ዲግሪ። ቢሮ ውስጥ ሠላሳ ስድስት። ማቀዝቀዣው "በግዢ ሂደት ላይ" ነው... ከአምና ጀምሮ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን እንደ ሁልጊዜው ሥራ ቆመ። ቪንኮ ሳርዲኑንና ሽንኩርቱን ዘረጋ። አለቃችን ነው፤ ዶክተር ቪንኮ ባራኖቪች፣ ዶክተርነቱን የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ መያዣው ላይ ሳይቀር ያስጻፈ። ዮሽኮ ዳቦ ቆረሰ። እኔ ቲማቲም ይዤ ነበር። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ የሳተላይት ክፍል ሦስታችን ብቻ ነን። አንዱ ያዛል፣ አንዱ ጡረታው እስኪደርስ ቀን ይቆጥራል፣ አንዷ ትሠራለች።

ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል። ከዚህ በጋ ጀምሮ ሳተላይቱ እሳት ካየ ቦታው በቁጥር ተሰልቶ በቀጥታ ለእሳት አደጋ ይላካል። ሰው መሐል አይገባም። ቪንኮ ደስ ብሎታል። "ድሮም ነገር የሚበላሸው ሰው መሐል ሲገባ ነው" አለ፣ አፉን ሳርዲን ሞልቶ።

እና ፋይላችን ላይ ያለችው ያቺ የተሳሳተች መስመርስ? ማርች ላይ ፕሮግራሙን ሳድስ ጠይቄው ነበር። ሳተላይቱ ክብ ምድር ያያል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። የሥዕሉ እያንዳንዷ ነጥብ መሬት ላይ የት እንደምታርፍ የሚናገረው የፋይሉ ራስጌ (የመግቢያው ክፍል) ነው። ሥዕሉን የሚቃኘው መስታወት በሁለት ማጠፊያ ይዞራል። የኛ ሳተላይት በአንድ ቅደም ተከተል፣ የአሜሪካኖቹ በሌላ። የኛ ፋይል ራስጌ ላይ የተጻፈው የአሜሪካኖቹ ነው።

"አለቃዬ፣ ይቺ መስመር የኛ አይደለችም።"

"ስንት ዓመት ሠራች?"

"ዘጠኝ።"

"አየሽ? ፖማሎ ልጄ፣ ቀስ በይ። የሚሠራ ነገር አይነካም።" "ፖማሎ" የባሕር ዳርቻችን ሰው ቃል ነው፤ ቀስ፣ ምን አስቸኮለ።

አልነካሁትም። ለምን አልነካሁትም?

ዮሽኮ ዛሬ የታሪክ መስመሩን ሲያጠፋ ዋለ። ፋይሉን ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገው የሚመዘገብበት ቦታ ነው። ቪንኮ "ረዘመ። ያስጠላል። ለጎብኚ አይሆንም" ብሎ ነው ያዘዘው። ጎብኚ ይመጣል ተብሏል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

የታሪክ መስመሩ ባዶ ሆነ፤ ከነመጠባበቂያው። ፋይሎቻችን በሙሉ ትናንት የተወለዱ ይመስላሉ። ጎብኚው አልመጣም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

የዛሬውን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ በራች። ካፕሪዬ ደሴት ላይ፣ በደቡቡ በኩል። በዚያው ደቂቃ ማሽኑ መልእክቱን ለእሳት አደጋ ላከ። መልእክቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን... ዝላሪን፣ ሌላ ደሴት።

"ካፕሪዬ ነው!" አልኩ።

"መልእክቱ ዝላሪን ይላል" አለ ቪንኮ።

"ስክሪኑን ይመልከቱት እንጂ!"

"ስክሪን ሥዕል ነው። ቁጥር አይዋሽም።"

ስልኩን አነሳሁ። እጁን ስልኩ ላይ ጫነ። "በአንቺ ግምት ጀልባ አይንቀሳቀስም" አለኝ። ከዚያ ደግሞ ዝግ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል፣ "ፖማሎ..."

ጀልባው ዝላሪን ሄደ። አሥራ ሁለት ሰው፣ ሁለት ፓምፕ። ያገኙት ጭስ የአንድ ሰውዬ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ፍም አቀጣጥሎ ሳርዲን ይጠብሳል። በበጋ ክፍት ቦታ ላይ እሳት ክልክል ነው፤ ስለዚህ አጠፉበት። ፍሙንም፣ ሳርዲኑንም፣ የሰውዬውን ጫማም። ከዚያ በሬዲዮ "እሳቱ በቁጥጥር ሥር ውሏል" ብለው አስተላለፉ።

ቪንኮ አጨበጨበ። እውነቴን ነው። አጨበጨበ።

ካፕሪዬ ሲደርሱ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል። ሰው አልሞተም። የባርባ ሮኮ የወይራ ማሳ ግን ሙሉ በሙሉ ሄዷል። ባርባ ማለት አጎት ነው፤ የእናቴ አጎት ናቸው። መቶ ሃያ ዛፍ። ልጅ ሆኜ ጥላቸው ሥር ተኝቼ አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠራሁት። በእጄ፣ ማንም "ፕሮግራሙ ነው" እንዳይለኝ። ያቺ መስመር ስትሳሳት የኛ ባሕር ዳርቻ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽም ወደ ደቡብ ይንሸራተታል። ከካፕሪዬ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ምን አለ? ዝላሪን። (ፖርቱጋል ደግሞ በተቃራኒው ወደ ምዕራብ ትሸሻለች። ለፖርቱጋል እዚህ ማን ይጨነቃል።)

ቪንኮን አሳየሁት። "ደመና ከፍ ያለ ነገር ነው፣ ከጎን ስታይው ቦታውን የለቀቀ ይመስላል። የታወቀ ነው" አለኝ።

"እሳት ነው እኮ አለቃዬ። ሰማይ ላይ አይነድም።"

ወጥቶ ሄደ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሥዕሉ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከተንሸራተተ ስክሪኑ ላይ ነጥቧ እንዴት ካፕሪዬ ላይ አረፈች? የደሴቶቹ ቅርጽ የሚሣለው ከሌላ ፋይል ነው። ሥዕሉና ቅርጹ መጣላት ነበረባቸው።

ዮሽኮ ደረጃው ላይ ያጨስ ነበር።

"ዮሽኮ፣ ደሴቶቹ ከሥዕሉ ጋር ለምን ገጠሙ?"

ዝም።

"ዮሽኮ።"

"አንቀሳቅሼያቸዋለሁ።"

"ምኖቹን?"

"ደሴቶቹን። ባሕር ዳርቻውንም፣ በሙሉ። ድሮ ነው። ሥዕሉና መስመሩ አልገጥም ብሎ አስቸገረ፣ ቪንኮ 'አስተካክል' አለኝ። አስተካከልኩ።"

"ሥዕሉን ማስተካከል ሲገባህ ደሴቶቹን?"

ጭሱን አወጣ። "ደሴቶቹ ይቀሉ ነበር" አለ።

ከሺህ በላይ ደሴት ያለን ሕዝብ ነን። አንድ ሰው ከምሳ በኋላ ተነስቶ ሁሉንም ገፋቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም፤ ደመና ለማየት ምን ቸገረን፣ ሁሉም አብሮ ተንሸራትቷል። ቁጥሩ ከስክሪኑ ወጥቶ ወደ እውነተኛ ጀልባ ሲሄድ ብቻ ነው የተጋለጠው።

ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ደግሞ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻላል።

ዓርብ፣ ጁላይ 18

ሪፖርቱ ወጣ። ሁለት ገጽ። ሳርዲኑ አንድ አንቀጽ ደርሶታል፣ ወይራው አንድ መስመር።

"የስህተቱ ምንጭ፦ በማርች ወር ፕሮግራሙን ያደሰችው ሠራተኛ ፔሪና ዩራስ የፋይሉን ራስጌ ያለጥንቃቄ በመሙላቷ።"

የኔ ስም። ሙሉ ስም። በሪፖርቱ ውስጥ ስም የተጠራው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። የሳርዲኑ ሰውዬ እንኳ "አንድ ነዋሪ" ነው።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

"አትንኪው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"መቼ?"

"መስመሯን እርስዎ ነዎት ያስገቧት! የታሪክ መስመሩ ላይ ስምዎ ነበር!"

"የትኛው የታሪክ መስመር?" አለኝ። ሳቅ እንኳ አላለም። የሚያናድደውም ይሄ ነው... ቢስቅ ይሻል ነበር።

ጁላይ 28 የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ከፈረዱብኝ ሴፕቴምበር መጨረሻ ኮንትራቴ ያበቃል። "በቸልተኝነት የተሰናበተች" የሚል ወረቀት ይከተለኛል፣ በዚህ አገር የአየር ጠባይ ሥራ የሚባል ነገር ደግሜ አልሠራም። እስከዚያ ስክሪን እንዳልነካ ታዝዣለሁ። አዲሱ ጠረጴዛዬ የማተሚያው ማሽን አጠገብ ነው፤ የድሮ የዝናብ መዝገብ ስለይ እውላለሁ።

ዮሽኮ ሲወጣ አጠገቤ ቆመ። "ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፣ ፔሪና" አለ። ሌላ ምን ይላል?

እሑድ፣ ጁላይ 20

ካፕሪዬ ሄድኩ። ከጀልባው ሳልወርድ ሽታው ደረሰኝ።

ባርባ ሮኮ የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ጥቁር ቁልቁለት።

"እንዴት ዋሉ ባርባ?"

"እንዴት እውላለሁ። ከሰል እጠብቃለሁ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ሪፖርቱን ያወጣው ጋዜጣ ደሴቴን አንቺ አንቀሳቀስሻት ይላል" አሉ። "እዚህ ሰማንያ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ስትንቀሳቀስ አልተሰማኝም።"

"እኔ አይደለሁም ባርባ። አለቃዬ መስመሩን ከአሜሪካኖች ፋይል ገለበጠ፣ ዮሽኮ ደግሞ እንዲገጥም ብሎ ደሴቶቹን ገፋ።"

"የቱ ዮሽኮ? የኒኮላ ልጅ? ያ ካርታ ስንጫወት አንድ ወረቀት ለመጣል ሩብ ሰዓት የሚፈጅ?"

"እሱ።"

"እና ወዴት ነው የገፋን?"

"ወደ ዝላሪን።"

ፊታቸው ተለወጠ። ዛፎቻቸው ተቃጥለው እንደዚህ አልሆኑም። "ወደ ዝላሪን?! እኛን? ከዝላሪኖች ጋር ቀላቀለን?" ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ። "ሌላ አቅጣጫ አጣ?"

ሳቄን ለመደበቅ ወደ ባሕሩ ዞርኩ። አዩኝ መሰለኝ። እጄን ያዙት፤ እጃቸው ጥላሸት ነው።

"ስሚ። ዛፎቹ የአባቴ ነበሩ። ስምሽ የአባትሽ ነው። ሁለቱን አትርፊ አልልሽም። አንዱን አትርፊ።"

ጥላሸቱን አልታጠብኩም፤ ማታ ቤት እስክገባ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

ቢሮው ታሪኩን አጥፍቷል። ታሪክ የማይጠፋበት ቦታ የት አለ?

አለ። የፋይሎቹን መስፈርት የሚጽፉት ሰዎች ዘንድ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው፣ ሦስት መቶ አርባ ገደማ። ሁሉ ነገር በጽሑፍ፣ በግልጽ ሰሌዳ ላይ። ማንም ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ እያንዳንዱ መልእክት ለሁሉም ይላካል፤ የተጻፈ አይሰረዝም። ውይይቱ ሲያልቅ አወያይዋ ትጠቀልለዋለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ማንም ካልተቃወመ ሕግ ሆነ። እነሱ ዘንድ ዝምታ ስምምነት ነው። እኛ ዘንድ ዝምታ ጡረታ ነው።

ጻፍኩ። ገጽ አልሞላም።

እያንዳንዱ የሳተላይት ፋይል አንድ ምስክር ነጥብ ይያዝ። አንድ የታወቀ የመሬት ጫፍ፣ ሥዕሉ ላይ የት እንደሚውል ከሳተላይቱ ባለቤቶች በተሰጠ ቁጥር። ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም መጀመሪያ ያንን ነጥብ ያስላ። ቦታው ላይ ካላረፈ ራስጌው ውሸታም ነው፤ ፋይሉን አልከፍትም ይበል። በቃ። ይህ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቢኖር ቪንኮ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይያዝ ነበር።

አወያይዋ ኢንጉን ትባላለች፣ ኖርዌያዊት ናት። በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሰች። "ጥሩ ሐሳብ። በእርግጥ የደረሰ ጉዳይ አለ ወይስ ሊደርስ ይችላል ብለሽ ነው?"

የደረሰውን ጻፍኩላት። የሰውም የመሥሪያ ቤትም ስም አልጠራሁም። እሳቱን፣ ሳርዲኑን፣ የተገፉትን ደሴቶች፣ መቶ ሃያውን ዛፍ።

ሰኞ፣ ጁላይ 28

ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ጁጎ እየነፈሰ ነው።

የደቡብ ነፋስ ነው፣ እርጥብ፣ ከባድ፣ ራስ የሚያሳምም። እሱ ሲነፍስ እዚህ ማንም ምንም አይወስንም። ሰብሳቢዋ ግንባሯ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጋ "በዚህ አየር ሰው ላይ አይፈረድም" አለች። ወደ ሴፕቴምበር 3 ተዛወረ። ሪፖርቱ ሲጻፍ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ዓርብ፣ ኦገስት 1

ሰሌዳው ላይ ሠላሳ አንድ አስተያየት። አንዱ የመሬት ጫፍ በባሕር ይሸረሸራል ብሎ ይሰጋል። በስንት ጊዜ? በአሥር ሺህ ዓመት። ሌላው በጫፍ ፈንታ የሐይቅ ጥግ ይሁን ይላል። ሦስተኛው ሐይቅም ይደርቃል ይላል። ስለ መሸርሸር አሥራ ሰባት መልእክት። ስለ ወይራው አንድ፤ "አሳዛኝ ነው" ብሎ ወደ መሸርሸሩ ተመለሰ።

እና ወደድኳቸው። ይከራከራሉ እንጂ የማንንም እጅ ስልክ ላይ አይጭኑም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

ኢንጉን ጠቀለለችው። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። እስከ ኦገስት 26 ማንም ካልተቃወመ...

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ቪንኮ በለስ ይዞልኝ መጣ። ከግቢው፣ በሳህን፣ ቅጠል ተነጥፎበት። ማተሚያው ማሽን ላይ አስቀመጠው።

"ዛግሬብ ያሉት አለቆች አንብበውታል" አለ። "ያቺ ደሴት የት ናት ብለው ጠየቁኝ።"

"ስም አልጠራሁም።"

"ዓለም ላይ ስንት አገር ነው እሳት አደጋ ሄዶ ሳርዲን የሚያጠፋው?"

አልዋሸም።

"አውጪው" አለ። "ሐሳቤን ስቤያለሁ በያቸው። ኮሚቴው ተግሣጽ ብቻ ይሰጥሻል፣ ኮንትራትሽም ይታደሳል። ቃሌ ነው።"

"ስህተቱ የኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ ማለት ነው?"

"አንድ ወረቀት ነች። ማን ያነባታል? ፖማሎ፣ ልጄ። እስከ ሰኞ አስቢበት።"

ሲሄድ አንድ በለስ በላሁ። ጣፋጭ ነበር። ምናለ ቢመር።

ዓርብ፣ ኦገስት 15

የእመቤታችን በዓል። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኳት።

"ፈርሚ" አለች።

"እማዬ፣ አጎትሽ እኮ ናቸው። ዛፎቹ..."

"ዛፎቹ ነደዋል። አንቺ ፈርሚና ኑሪ። ሁሉም እንዲህ ነው የኖረው።"

ልክ ናት። ሁሉም እንዲህ ነው የኖረው። ደሴቶቹ የተንቀሳቀሱት ለዚህ ነው።

ሰኞ፣ ኦገስት 18

እምቢ አልኩ። ባዶ ሳህኑን ስመልስለት፣ በሩ ላይ ቆሜ። ሁለት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ የመጀመሪያውን ብቻ ተናገርኩ። ሁለተኛው እዚህም አይጻፍም።

ሰኞ፣ ኦገስት 25

አንድ ቀን ሲቀረው ተቃውሞ መጣ።

ከዶክተር ቪንኮ ባራኖቪች። ማዕረጉ ሁለት መስመር፣ ያገኛቸው ሽልማቶች ሦስት መስመር። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

"ይህ ሐሳብ የቀረበው ልምድ በሌላት ጀማሪ ነው። በመሥሪያ ቤታችን የተጠቀሰውን የራስጌ መስመር ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔ ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ ከአሜሪካ ናሙና ወስጄ አስገብቼዋለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ችግር አላስከተለም። ልምድ ያለው ባለሙያ ምስክር አያስፈልገውም።"

አራት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ራሴ። በገዛ እጄ።

ምን ነካው? ገብቶኛል። ሦስት መቶ አርባ ሳይንቲስት በተሰበሰበበት የፋይሉ ጌታ ሌላ ሰው ነው መባሉን መቻል አቃተው። ለኮሚቴው "እሷ ናት" ይላል፣ ለዓለም "እኔ ነኝ" ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች አይገናኙም ብሎ አስቧል።

ዮሽኮ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው። አፏጨ።

"ይሄንን እኮ ቄስ ፊት እንኳ አይናገረውም" አለ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

ጠዋት ሲነጋ ስህተቱን አወቀ። አንድ ሰው ከዛግሬብ ሳይደውልለት አልቀረም። መልእክቱ እንዲነሳለት ጻፈ። ኢንጉን መለሰች፣ ለሁሉም፦

"ውድ ዶክተር ባራኖቪች፣ እዚህ የተጻፈ አይሰረዝም፤ ማረሚያ ግን ከሥሩ መጻፍ ይቻላል። ፔሪና ያቀረበችው ጉዳይ በእርግጥ የደረሰ መሆኑን ያረጋገጠልን የእርስዎ መልእክት ስለሆነ እናመሰግናለን። በተቃውሞዎ አሁንም ጸንተዋል? እስከ ሴፕቴምበር 16 መልስ ካልሰጡን እንደተዉት እንቆጥራለን።"

ጨዋነት እንዲህ እንደሚናከስ አላውቅም ነበር።

ቪንኮ ቀኑን ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም። ሳርዲኑን ብቻውን በላ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ከተራራው ደረቅ ነፋስ። ምንም ምክንያት አልነበራቸውም። ተሰበሰቡ።

የቪንኮ ተቃውሞ ያለበትን የሰሌዳ ገጽ አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። አውልቃ ጠርጋ ደግማ አነበበች።

"ከአውድ ውጪ የተወሰደ ነው" አለ ቪንኮ።

"ዶክተር፣ 'በገዛ እጄ' የሚለው ከየትኛው አውድ ውጪ ነው?" አለች ሰብሳቢዋ።

ቪንኮ የቁልፍ መያዣውን አገላበጠ።

ውሳኔ፦ ስሜ ከሪፖርቱ ይወጣል፣ ኮንትራቴ ይታደሳል። በስሜ ቦታ "የሥርዓት ስህተት" ተጻፈ። ሥርዓቱ ማን ነው? ሳርዲን ይበላል?

"ጋዜጣው ላይ የወጣውስ?" አልኩ። "ይቅርታ የሚባል ነገርስ?"

"ፖማሎ" አለች ሰብሳቢዋ ወረቀቷን እየሰበሰበች። "ዛሬ ይሄን ካገኘሽ..."

ወጥቼ ለጋዜጣው በራሴ ጻፍኩ። የቪንኮን መልእክት አያይዤ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ቪንኮ ወደ ዛግሬብ ተዛወረ። እድገት ነው። የመላው አገሪቱ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ።

ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ቀልድ መስሎኝ።

ጋዜጣው ማረሚያውን አወጣ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ከጀልባ ሽያጭ ማስታወቂያ ሥር። ቆርጬ ለባርባ ሮኮ ላክሁላቸው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ዝምታ። ሦስት መቶ አርባ ሰው ዝም አለ። ጸደቀ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

ወደ ስክሪኑ ተመልሻለሁ። የዝናቡን መዝገብ በዓመት በዓመት ለይቼ አስረክቤያለሁ፤ ሥራ ሥራ ነው።

ለኛ ፋይሎች ምስክር ነጥብ መረጥኩ። የካፕሪዬን ደቡባዊ ጫፍ። መጀመሪያ የድሮውን ራስጌ እንዳለ ሰጠሁት። ፕሮግራሙ አሰላ፣ ነጥቡን ባሕር ላይ ዝላሪን አጠገብ አገኘው፣ "አልከፍትም" አለ። በቀይ። ከአንድ ሰከንድ በታች ፈጀበት። መስመሯን አረምኩ። ከፈተ። ሥዕሉ ወደ ቦታው ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ያሉት ደሴቶች ሁሉ ከሥዕሉ ጋር ተጣሉ።

ለማረም እጄን ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ዘረጋሁ። ዮሽኮ ያዘኝ።

"እኔ ነኝ የገፋኋቸው" አለ። "እኔ ልመልሳቸው።"

ወንበሬን ለቀቅኩለት። አንድ ቁጥር አጠፋ፣ ሌላ ጻፈ። ከሺህ በላይ ደሴት፣ አንድ ጊዜ እንደ መንጠር ብለው ወደ ምዕራብ ሄዱ። ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ቆየ። ያኔም ቢሆን ሥዕሉን ማረም ይሄንኑ ያህል ነበር የሚፈጅበት።

ከዚያ የታሪክ መስመሩን ከፈትኩ። ባዶ። የመጀመሪያዋን መስመር ለቪንኮ ሰጠኋት፦ ራስጌው ከአሜሪካ ናሙና ተወሰደ፣ "እኔ ራሴ፣ በገዛ እጄ"፣ ዶክተር ቪንኮ ባራኖቪች። ከነማዕረጉ። ቃሉን አልቀየርኩም። እሱ ከሌላ ሰው ገለበጠ፣ እኔ ከእሱ ገለበጥኩ።

"የኔንም ጻፊው" አለ ዮሽኮ።

"ጡረታህስ?"

"ጻፊው አልኩሽ።"

ጻፍኩ። የባሕር ዳርቻው መስመር ወደ ምሥራቅ ተገፋ፣ ዮሽኮ። ቀጥሎ፦ መስመሯ የኛ እንዳልሆነች በማርች ታውቆ አልተነካችም፣ ፔሪና ዩራስ። ይቺን ስጽፍ ዮሽኮ አየኝ። ቀጥሎ፦ ታረመ፣ ፔሪና ዩራስ። መጨረሻ ላይ፦ ደሴቶቹ ተመለሱ፣ ዮሽኮ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ካፕሪዬ ደወልኩ።

"ባርባ፣ ደሴትዎ ቦታዋ ተመለሰች።"

"መቼ?"

"አሁን። አሥር ደቂቃ አልሆናትም።"

"አልተሰማኝም" አሉ። ከዚያ ደግሞ፦ "ከዝላሪን ራቅን?"

"ዘጠኝ ኪሎ ሜትር።"

"እሰይ" አሉና ዘጉት።

የታሪክ መስመሩ አሁን አምስት መስመር ነው። ረዝሟል። ለጎብኚ ያስጠላል። አይነካም።